የሎንግኤከርስ የፈረስ ሜዳ፤ መሬቱ ከተሸጠ በኋላ የኖረው
በሬንተን ከተማ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር



ከመካከላችሁ በሳውንደር ባቡር ተመላልሶ የሚሠራ ሰው የተክዊላን ጣቢያ ያውቀዋል። ጣቢያው የሚገኝበት መንገድ «ሎንግኤከርስ» ይባላል። በየቀኑ የምታነቡት ይህ ስም የአንድ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ስም ነው። ሜዳው ከ1933 እስከ 1992 እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ኖሮ አለፈ። ዓመታቱን ሁሉ ዛሬ የምጠራላችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ርእሱን የመረጥሁት የምንኖርበትን አገር ታሪክ ማወቅ ስለሚገባን ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ የዚህ ሜዳ ታሪክ አንድ ሕዝብ የሚወደው ነገር እንዴት እንደሚጠፋና ከጠፋ በኋላ ምን ሊተርፍ እንደሚችል አጥርቶ ያሳያል። ፈረስና ፈረሰኛ ደግሞ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም።

ከሎንግኤከርስ በፊት ሌላ ሜዳ ነበረ። ከሲያትል በስተ ደቡብ፣ ጆርጅታውን አጠገብ፣ የዱዋሚሽ ወንዝ በሚታጠፍበት ለጥ ያለ መሬት ላይ «ሜዶውስ» የተባለ የእሽቅድምድም ሜዳ በ1902 ተከፈተ። ሕዝቡ ከከተማ እየጎረፈ ይመጣ ነበር። በዚያ ዘመን ውርርዱን የሚይዙት ግለሰብ አወራራጆች ነበሩ። እነርሱ ራሳቸው የውጤቱ ተጠቃሚ ስለሆኑ ማጭበርበሩ፣ ጋላቢን በገንዘብ መደለሉና ፈረስን ማድከሙ የተለመደ ሆነ። በመላው አሜሪካ በቁማር ላይ ቁጣ ተነሣ፤ የዋሽንግተን ግዛት ሕግ አውጪዎችም በ1909 የፈረስ ውርርድን ከለከሉ። ውርርድ ሲቀር ሜዳው ገቢ አጣና ተዘጋ። በመጋቢት 1910 ቻርልስ ሃሚልተን የተባለ አብራሪ በዚያው ባዶ ሜዳ ላይ ለሲያትል ሕዝብ አውሮፕላን አብርሮ አሳየ። ዛሬ አካባቢው ቦይንግ ፊልድ የምንለው የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ይህን አስታውሱልኝ፤ አውሮፕላን የፈረስ ሜዳ ሲወርስ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ሁለተኛውን ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

ለ24 ዓመታት በምዕራብ ዋሽንግተን የረባ የፈረስ እሽቅድምድም አልነበረም። ከዚያ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። በ1933 ከአሜሪካ ሠራተኛ አንድ አራተኛ ያህሉ ሥራ ፈትቶ ነበር። ግዛቶች ደመወዝ የሚከፍሉበት አጥተው አዲስ የገቢ ምንጭ ሲፈልጉ ዐይናቸው በውርርድ ላይ ዐረፈ። ዋሽንግተንም በዚያው ዓመት እሽቅድምድሙን መልሳ ፈቀደች፤ የሚቆጣጠር ኮሚሽንም አቋቋመች። ሕጉ ግን የፈቀደው የድሮውን ዓይነት ውርርድ አልነበረም። የፈቀደው በ1860ዎቹ ዦዜፍ ኦለር ፓሪስ ላይ የጀመረውን አሠራር ነው።

ይህን አሠራር ሳንረዳ የሜዳውን ሕይወት ልንረዳ አንችልም፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ተወራራጆች ሁሉ ገንዘባቸውን ወደ አንድ ቋት ያስገባሉ። ለምሳሌ በአንድ ውድድር ላይ 10,000 ዶላር ተሰበሰበ እንበል። ከዚያ ላይ አስቀድሞ በሕግ የተወሰነ ድርሻ ይነሣል፤ 15 በመቶ ቢሆን 1,500 ዶላር ማለት ነው። የቀረውን 8,500 ዶላር በአሸናፊው ፈረስ ላይ የተወራረዱት ሰዎች ይካፈሉታል። በዚያ ፈረስ ላይ የዋለው ገንዘብ 1,000 ዶላር ከነበረ፣ አንድ ዶላር ያስያዘ ሰው 8 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያገኛል። ሜዳው የትኛውም ፈረስ ቢያሸንፍ ድርሻው አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ስለዚህ ለማጭበርበር የሚገፋው ጥቅም የለም። የተነሣው ድርሻ ደግሞ ለመንግሥት ግብር፣ ለሜዳው ማስተዳደሪያ፣ ከሁሉም በላይ ለፈረስ ባለቤቶች ሽልማት ይውላል። ከሽልማቱ ባለቤቱ ለአሠልጣኙ ይከፍላል፤ አሠልጣኙ ለጠባቂው፤ ጠባቂው ለልጆቹ ቀለብ። ገበሬው ድርቆሽ የሚሸጠውም ከዚያው ቋት በሚወርድ ገንዘብ ነው።

ሕጉ እንደወጣ ፈጥኖ የተንቀሳቀሰው ጆሴፍ ጎትስታይን የተባለ የሲያትል የሕንፃና የመሬት ነጋዴ ነው። ከሸሪኩ ከዊልያም ኤድሪስ ጋር ሆኖ በሬንተን ዳርቻ የኔልሰን ቤተሰብ የወተት ላሞች የሚግጡበትን መሬት አገኘ። ንድፉን የሠራው ማርከስ ፕሪቴካ ነው። ፕሪቴካ በምዕራብ አሜሪካ ከተሞች የታወቁትን የፓንቴጅስ ቴአትር ቤቶች የነደፈ አርክቴክት ነበር። ቴአትር ቤት ሠሪ ለፈረስ ሜዳ መመረጡ ትክክለኛ ምርጫ ይመስለኛል፤ ሰው ሁሉ አንዱ አንዱን ሳይከልል ማየት አለበት፤ የሚታየው ነገር ደግሞ ከሁለት ደቂቃ በታች ስለሚያልቅ ከተመልካቹ ማንም አንዲት ቅጽበት ሊያመልጠው አይገባም። 3,000 ያህል ሠራተኞች ተቀጥረው ሜዳው፣ የተመልካቹ ሰገነትና ጋጣዎቹ በ28 ቀን ተጠናቀቁ። ሥራ አጥነት በገነነበት ዓመት ይህ ምን ማለት እንደነበር አስቡት። በኦገስት 3 ቀን 1933 በሩ ተከፈተ፤ ከ10,000 በላይ ሰው መጣ።

ጎትስታይን ሩቅ የሚያስብ ሰው ነበር። ሲያትል ከኒው ዮርክና ከኬንታኪ ትልልቅ ሜዳዎች እጅግ የራቀች ናት፤ ጥሩ ፈረስ ያን ሁሉ መንገድ በባቡር ተጭኖ እንዲመጣ የሚስብ ነገር ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ በ1935 «ሎንግኤከርስ ማይል» የተባለውን ውድድር ጀመረ። ርቀቱ አንድ ማይል፣ ማለትም 1.6 ኪሎ ሜትር፤ ሽልማቱ 10,000 ዶላር። በጊዜው በአሜሪካ በዚህ ርቀት ከሚሮጡት ሁሉ ሽልማቱ የላቀው ይህ ነበር። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው ኮልድዋተር የተባለ ፈረስ ነው። በድቀቱ መካከል፣ ከአገሩ ጥግ ባለ ሸለቆ፣ እንዲህ ያለ ሽልማት ማቅረብ ድፍረት ነበር። ሜዳውን በአገር ያሳወቀው ይህ ድፍረት ነው ብዬ አምናለሁ። በኋላም እንደምታዩት ከሜዳው ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ይህ ውድድር ሆነ።

ሰገነቱ ላይ የተቀመጠ ተመልካች የሚያየው ጥቂቱን ነው። ዋናው ኑሮ ከሜዳው ጀርባ፣ በጋጣዎቹ መካከል ነው። ጎሕ ሳይቀድ የፈረስ ጠባቂው ይነሣል። በመጀመሪያ የሚያደርገው የፈረሱን እግር ከጉልበቱ በታች በመዳፉ መዳሰስ ነው፤ ትኩሳት ካለ ጅማቱ ተጎድቷል ማለት ስለሆነ ያን ቀን አይጋለብም። ከዚያ የማለዳ ጋላቢዎች ይመጣሉ፤ አንዱ በሶምሶማ፣ ሌላው በሽምጥ ያለማምዳል። ከልምምድ የተመለሰውን ፈረስ ላቡ እስኪደርቅ ድረስ በእግር እያዞረ የሚያቀዘቅዝ ሌላ ሠራተኛ አለ። የኮቴ ብረት የሚቸነክረው፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ኮርቻና ልጓም የሚጠግነው ሁሉም እዚያው ናቸው። ከተራራው ማዶ የኪቲታስ ሸለቆ ገበሬዎች በአገር የታወቀ የቲሞቲ ድርቆሽ ያመርታሉ፤ የሩጫ ፈረስ የሚወደው መኖ እሱ ነው። ሜዳው በመኖሩ በግዛቱ ውስጥ ባዝራ የሚያስደቅል፣ ውርንጭላ የሚያሳድግ ሰው በዛ፤ በ1940ም አርቢዎቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ የእያንዳንዱን የዋሽንግተን ፈረስ አባትና እናት፣ የተወለደበትን እርሻ፣ ያሸነፈበትን ሩጫ መዝግቦ ይይዛል። ይህን መዝገብ በልባችሁ ያዙልኝ።

የጦርነቱ ዓመታት ለዚህ ሸለቆ ክፉ ነበሩ። በ1942 በሸለቆው ሰላጣና አትክልት ያመርቱ የነበሩ ጃፓናውያን አሜሪካውያን ገበሬዎች ከመሬታቸው ተነቅለው ታጎሩ። በካሊፎርኒያ ሳንታ አኒታና ታንፎራን የተባሉት የፈረስ ሜዳዎች ራሳቸው ማጎሪያ ሆነው፣ ቤተሰብ ከነልጆቹ ፈረስ በወጣበት ጋጣ እንዲያድር ተደረገ። የፈረስ ሜዳን ታሪክ የሚናገር ሰው ይህን ሊዘልለው አይገባም። ሎንግኤከርስም በ1943 ውድድር ሳያካሂድ ከረመ፤ በማግስቱ ዓመት ግን ተመልሶ ተከፈተ።

ከጦርነቱ በኋላ ያሉት አሥርት ዓመታት የሜዳው የደስታ ዘመን ናቸው። ከቦይንግ ፋብሪካ የሥራ ሰዓቱን የጨረሰ ሠራተኛ፣ ከከተማ የመጣ ጠበቃ፣ ጡረተኛው፣ ልጆቹን ያስከተለ አባት በአንድ አጥር ተደግፎ ይቆማል። ከስተጀርባ ረጃጅም የፖፕላር ዛፎች ተሰልፈው፣ ሰማዩ የጠራ ቀን ደግሞ የሬኒየር ተራራ በበረዶው ይታያል። ጎትስታይን በ1971 ሲያርፍ አማቹ ሞሪስ አልሃዴፍ፣ በኋላም የአማቹ ልጆች ሜዳውን ያዙት። ትሩፐር ሰቨን የተባለ ፈረስ ሎንግኤከርስ ማይልን በ1980ና በ1981 በተከታታይ አሸነፈ። በኋላ በመላው አሜሪካ ስሙ የገነነው ጋሪ ስቲቨንስ ገና ወጣት ሳለ እዚህ ጋልቧል።

ከፈረሶቹ ሁሉ ግን እኔ ልናገርለት የምፈልገው ቺኑክ ፓስ ነው። ስሙ በሬኒየር አጠገብ ያለ የተራራ መተላለፊያ ስም ነው። በእኛ አገር ባለቤቱ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባላሉ። እዚህ ደግሞ ፈረሱ በአገሩ ተራራ ተጠራ፤ ሁለቱም ፈረስን ከክብር ጋር የሚያያይዙ ናቸው። ቺኑክ ፓስ በ1979 እዚሁ ዋሽንግተን የተወለደ ሰንጋ ፈረስ ነበር። በመስከረም 1982 በሎንግኤከርስ አምስት ፈርሎንግ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ55 ሰከንድ ከአንድ አምስተኛ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። አጭር ርቀት ሯጭ ነው፣ ማይል አይችልም የሚሉ ነበሩ። በ1983 ሎንግኤከርስ ማይልን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ፤ በዚያው ዓመትም የአሜሪካ የአጭር ርቀት ሻምፒዮን ተብሎ ተሸለመ። በዋሽንግተን የተወለደ ፈረስ ይህን ማዕርግ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ጎትስታይን በ28 ቀን ያሠራው ሜዳ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ያፈራው ፍሬ ይህ ነው።

ታዲያ ሜዳው ስለ ምን ጠፋ? ብዙ ሰው ተመልካች ስለ ጠፋ ይመስለዋል። የግዛቱ ሎተሪ በ1982 መጀመሩ፣ በ1988 የወጣው የፌዴራል ሕግም ለነባር ሕዝቦች ካዚኖ በር መክፈቱ ለውርርዱ ተፎካካሪ እንዳመጣበት እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ከእግራችን በታች ነው። ይህ የግሪን ወንዝ ሸለቆ ድሮ በየጊዜው በጎርፍ ይዋጥ ነበር። ላም የሚግጥበት፣ ሰላጣ የሚተከልበት ርካሽ መሬት ሆኖ የኖረውም ለዚህ ነው፤ ጎትስታይን ያን ያህል ሰፊ ቦታ ለፈረስ ማዋል የቻለውም ለዚህ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በወንዙ ላይኛ ክፍል የሃዋርድ ሃንሰን ግድብ ተሠራ፤ ጎርፉ ቆመ። አውራ ጎዳናዎች ሸለቆውን አቋረጡት። በ1968 ሁላችሁም የምታውቁት ሳውዝሴንተር ተከፈተ። በየአቅጣጫው መጋዘን ተተከለ። ሜዳው ሳይንቀሳቀስ መሬቱ ከሥሩ ተወደደ። በዓመት ውስጥ ለጥቂት ወራት ፈረስ የሚሮጥበት ሰፊ ቦታ፣ በሁለት አውራ ጎዳናዎች መገናኛ አጠገብ፣ ለገዢ ሁሉ የሚያጓጓ ሆነ።

በመስከረም 1990 ቤተሰቡ ሜዳውን ለቦይንግ መሸጡ ተሰማ። አርቢውና አሠልጣኙ አዘነ፤ ተቆጣ። እኔ ቤተሰቡን አልኮንንም፤ ንብረቱ የራሳቸው ነበር፣ ሕጉም ይፈቅድላቸዋል። ጉድለቱ ከዚያ በፊት ባሉት ስድሳ ያህል ዓመታት ውስጥ ነው። ሕዝቡ ሜዳውን የእኛ ነው ይል ነበር፤ አርቢውም እርሻውን ሙሉ በሙሉ በእርሱ ላይ አቁሞ ነበር፤ ነገር ግን በካርታው ላይ የአንድ ቤተሰብ ስም ብቻ ነበር። ይህን አስቀድሞ ለማስተካከል፣ ከተማው ወይም አርቢዎቹ ድርሻ እንዲኖራቸው ለማድረግ ጊዜ ነበረ። መሬቱ ርካሽ በነበረበት ዘመን ማንም አላሰበበትም። ሲወደድ ደግሞ ማንም አልቻለም።

የመጨረሻው ቀን በሴፕቴምበር 21 ቀን 1992 ነበር። ብዙ ሕዝብ ተሰበሰበ። የመጨረሻው ሩጫ ሲጀመር፣ ዘወትር በድምፅ ማጉያ የሚያስተላልፈው ሰው ሕዝቡ ፈረሶቹን እንዲያዳምጥና እንዲያከብር ጠይቆ ዝም አለ። በዚያ ሩጫ የተሰማው የኮቴ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ሰገነቱ ፈረሰ፤ ቦይንግም በቦታው የሥልጠና ማዕከልና ቢሮዎች ሠራ። ሁለተኛው የፈረስ ሜዳ በአውሮፕላን ተወረሰ ያልኋችሁ ይህ ነው። እኛም ከዚህ ጋር የምንገናኝበት ክር አለን፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1962 የተረከባቸው የመጀመሪያዎቹ ጄቶች፣ ቦይንግ 720 የተባሉት፣ የተገጣጠሙት በዚሁ በሬንተን ነው። ያን ጊዜ ሎንግኤከርስ ፈረስ ይሮጥበት ነበር።

ሜዳው ሲጠፋ አርቢዎች ባዝራዎቻቸውን ሸጡ፤ አሠልጣኞች ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ሌላ ግዛት ሄዱ። ሎንግኤከርስ ማይል ግን አልቆመም። ከ1993 እስከ 1995 ከተራራው ማዶ ወደ ያኪማ ተወስዶ ተሮጠ። አርቢዎችና ባለቤቶች አዲስ ሜዳ እንዲሠራ ሲታገሉ ቆይተው፣ በጁን 20 ቀን 1996 ኦበርን ላይ ኤመራልድ ዳውንስ ተከፈተ። ውድድሩ ስሙን እንደያዘ ወደዚያ ገባ። በ2014ና በ2015 በተከታታይ ያሸነፈው ፈረስ፣ ስትራይከር ፒኤችዲም፣ የዋሽንግተን ልጅ ነበር። የሎንግኤከርስ ሜዳ በሌለበት አገር ሎንግኤከርስ ማይል ይሮጣል። ይህ እንዲሁ የሆነ አይደለም፤ ማኅበር ስለነበረ፣ መዝገብ ስለነበረ፣ የትኛው ፈረስ ከየትኛው እንደተወለደ፣ ማን በስንት ሰከንድ እንደገባ ተጽፎ ስለነበረ ነው። ስፖኬን የነበረው ፕሌይፌር፣ ፖርትላንድ የነበረው ፖርትላንድ ሜዶውስ የተባሉት የፈረስ ሜዳዎች እስከ ወዲያኛው ተዘግተዋል፤ ሎንግኤከርስ ማይል ግን ተረፈ።

የኤመራልድ ዳውንስን ባለቤትነትም ልብ በሉ። መሬቱን በ2002፣ ውድድሩን ደግሞ በ2015 የያዙት ማክልሹት የተባሉት ነባር ሕዝቦች ናቸው። አባቶቻቸው በ1850ዎቹ በተፈረሙ ውሎች ከዚህ ሸለቆ አብዛኛውን መሬታቸውን ያጡ ናቸው። ዛሬ መሬቱ የጋራ ንብረታቸው ነው። አንድ ወራሽ ብቻውን ተነሥቶ ሊሸጠው አይችልም። ሎንግኤከርስ ያጣው ይህን ነበር።

ይህን ሁሉ ስል የውርርድን ጉዳት ረስቼ አይደለም። የቤት ኪራዩን በውርርድ መስኮቱ በኩል ሰጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ አባወራ ብዙ ነው። ሩጫ ላይ እግራቸው ተሰብሮ የሚሞቱ ፈረሶችም አሉ፤ በዚህ ምክንያት በ2022 በመላው አገር የሚሠራ የደኅንነት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ሥራ ጀምሯል፤ ዘግይቷል እንጂ አስፈላጊ ነው። ወደ ሜዳው የምትሄዱ ካላችሁ ማለዳ ሂዱና ፈረሶቹን ሲለማመዱ እዩ፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣችሁም።

ቦይንግም በተራው የሎንግኤከርስን ግቢ በ2021 ሸጦ ወጣ። ዛሬ በከፊሉ ላይ የሲያትል ሳውንደርስ የእግር ኳስ ክለብ ይለማመዳል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በአዊ ዞን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው፣ ቋሚ ሰገነትና የታጠረ ሜዳ ኖሮት አይደለም። አባል ተመዝግቦ፣ ሹም ተመርጦ፣ ፈረስ ያለው ሁሉ ግዴታውን አውቆ ስለሚኖር ነው። በአዲስ አበባ ግን ጃንሜዳ ጥምቀት የሚከበርበት፣ ገና የሚመታበት፣ ጉግስ የሚጫወቱበት፣ የፈረስ እሽቅድምድም የሚካሄድበት ሆኖ ኖሯል፤ በ1930 በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሳምንት ከውጭ የመጡ እንግዶች እሽቅድምድም ያዩት እዚያ ነው። በ2020 የአትክልት ገበያው ለጊዜው ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር ሕዝቡ እንዴት እንደተጨነቀ ታስታውሳላችሁ። ጭንቀቱ ተገቢ ነበር። በከተማ መካከል ያለ ሰፊ ሜዳ ሁልጊዜ ፈላጊ አለው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በልጅነታችሁ ጃንሜዳ ላይ የፈረስ ሩጫ ያያችሁ፣ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ የጋለበ፣ በባልደራስ ያገለገለ አባቶችና እናቶች አላችሁ። የፈረሱን ስም፣ ቀለሙን፣ ዳማ ይሁን ጉራቻ፣ የባለቤቱንና የጋላቢውን ስም፣ ዓመቱንና ማን እንዳሸነፈ ጻፉ፤ መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ለልጆቻችሁ በስልክ ድምፃችሁን አስቀዱ። ፎቶግራፍ ያላችሁ ከጀርባው ስም ጻፉበት። ያሰባሰባችሁትን ለማኅበረሰባችን ቤተ መጻሕፍት ስጡ፤ አንዱን ቅጂ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ላኩ።